ከስኮትላንዳዊው ግርጌ

ስለ ስኮትላንድ የማውቀውን ሁሉ የገዛሁት በኪሎ ነው። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ ዳር የተቆላ ለውዝ በወረቀት እየጠቀለሉ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወረቀታቸው ከየትም የመጣ ነው፤ የመንግሥት ቅጽ፣ የተማሪ ደብተር፣ ጊዜው ያለፈበት የመድኃኒት ማስታወቂያ። አንድ ቀን ለውዜን ጨርሼ መጠቅለያውን ልጥል ስል በደቃቅ እንግሊዝኛ የታተመ ሆኖ አገኘሁትና እዚያው ፀሐይ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ተመልሼ ሄጄ የቀረውን ጠየቅኋቸው። ሚዛን ላይ አውጥተው መዘኑና ሸጡልኝ። ሽፋን የለውም፤ መጀመሪያውንም መጨረሻውንም የከተማው ሰው ከለውዝ ጋር ወስዶታል። የደረሰኝ ሆዱ ነው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ በስኮትላንድ ማን እንደገነነ፣ ማን እንደሞተ፣ ምን እንደተሠራና ምን እንደፈረሰ የሚናገር የየዓመቱ ዝርዝር።

እኔ እንግሊዝኛ በማስተማር የምኖር ሰው ነኝ። በልጅነቴ፣ በረሃቡ ዘመን፣ እናቴ በእጄ ይዛ መተማን አሻገረችኝና እዚሁ ቀረሁ። ሰፈሩ «ኡስታዝ» ይለኛል፤ መምህር ማለት ነው፤ እዚህ አገር መነጽር ያደረገ ሰው ሁሉ ኡስታዝ ነው። ከካርቱም ጦርነት የሸሸ ሕዝብ በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ በተኛበት ከተማ ውስጥ ስለ ስኮትላንድ አነባለሁ ስል ሰዎች ፊት ላይ የሚመጣውን ሐዘኔታ ለምጄዋለሁ። እነሱ ከጠዋት እስከ ማታ ስለ ጦርነቱ ያወራሉ፤ በማግስቱ ያወሩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። የእኔዎቹ ስኮትላንዶች ግን ሞተው አልቀዋል፤ ሐሳባቸውን አይለውጡም።

አገራቸው ከድሮው በጌምድር እምብዛም አይሰፋም። ብርድ ነው፣ ዝናብ ነው፣ በግ ነው። ታዲያ በዚያች አጭር ዘመን ያላደረጉት የለም። ከመካከላቸው አንዱ በልጅነቱ አሜሪካ ተሰድዶ፣ በብረት ከብሮ፣ ሲያረጅ ሀብቱን ቤተ መጻሕፍት በመሥራት በተነው፤ የእኛን ከበርቴዎች እንዲህ ያለ በሽታ ይዟቸው አያውቅም። ሴቶቻቸው በጦርነት መካከል የቤት ኪራይ ሲጨመርባቸው አንከፍልም ብለው አደሙና ሊያስወጣቸው የመጣውን የፍርድ ቤት ሰው በዱቄት እየደበደቡ መለሱት። ዱቄት ተርፏቸው ነበር ማለት ነው። ኳስ ሜዳቸው ላይ የተመልካቹ የእንጨት መቆሚያ ተደርምሶ ሰው እየሞተ ጨዋታው እስከ መጨረሻው ቀጠለ። ወደ ደቡብ ዋልታ መርከብ ልከው ከሳይንቲስቶቹ ጋር አንድ ሙዚቀኛ አሳፈሩ፤ በብብቱ ሥር ስልቻ ይዞ የሚነፋ፣ ቀሚስ የለበሰ ጎልማሳ። እሱም በረዶ ላይ ቆሞ ለአንዲት ፔንግዊን ሲነፋላት ፎቶ ተነሣ። ፔንግዊኗ ግድ ያላት አትመስልም። ሠለጠንን ያሉ ሕዝቦች ለሌላው ዓለም ስላደረጉት ውለታ ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ያንን ፎቶ ያህል ነገሩን ጠቅልሎ የገለጸልኝ የለም።

ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ገዳሪፍ ይገኛል። መሬት ውስጥ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የሰሊጥ መጋዘኖቹ ካለቁ በኋላ፣ የእንግሊዝ ዘመን አራት መቃብሮች አሉ። የሦስቱን ድንጋይ ዝናብና ፍየል ተባብረው አልሰውታል። ፊደሉ የሚለየው የአንዱ ብቻ ነው፤ የስኮትላንድ ሰው፣ መሐንዲስ፣ ንዳድ የገደለው። ስሙን አልጽፈውም፤ ያለ ፈቃዱ የደረሰበት ይበቃዋል። ባቡር ሐዲዱ ሲዘረጋ የመጣ ይመስለኛል። መጽሐፌ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት ገጹ ለውዝ ተጠቅልሎበት ሄዷል፤ ምናልባትም መጽሐፍ የሚገባ ሰው አልነበረም። መጽሐፍ የማይገባውን ሰው ወደ ገዳሪፍ መላክ የትልልቅ መንግሥታት ልማድ ነው።

ዙሪያውን የተኛነው እኛ ነን። ከጎንደር ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ቁረይሻ ላይ ወባ የጣለው፣ ባሱንዳ ላይ እባብ የነደፈው፣ ከተማ ውስጥ አርጅቶ የሞተው። የመጀመሪያው ሲሞት የት ይቀበር ተባለ፤ አንዱ «እዚያ ማዶ ክርስቲያን ተቀብሯል» አለ፤ አራቱ ድንጋዮች አጠገብ ጉድጓድ ተቆፈረ። ፈቃድ የጠየቀም የሰጠም የለም። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ ደረስን።

ከሠላሳዎቹ አንዱ የእታለም ባል ነው። እታለም አውቶቡስ መናኸሪያው ዳር የዝንጅብል ሻይ የምትሸጥ፣ ስድሳን የተሻገረች የደምቢያ ሴት ናት፤ ስሟ ሌላ ነው፤ እታለም የሚላት እንደ ታላቅ እህት የሚያያት ሰፈሩ ነው። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ። የተቀበረው ልክ ከስኮትላንዳዊው ግርጌ ነው። ከባሏ ጎን ደግሞ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ በድንጋይ ከብባ ለራሷ አስቀርታለች። ተኝታ ቁመቷን አስለክታ ነው የከበበችው። አገር ቤት የመመለስ ሐሳብ የላትም፤ ከመሬት ሁሉ የምትፈልገው ያችኑ ብቻ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አጥሩ እሾህ ላይ በአረብኛ የተጻፈ ወረቀት ተሰክቶ ተገኘ። እታለም ነቅላ ይዛልኝ መጣች። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ቦታውን ለመጋዘን ጠይቋል። መዝገብ ላይ መሬቱ የእንግሊዞች መቃብር ተብሎ የተያዘ ነው። የሟቾቹ ዘመድ ወይም የመቃብሩ ጠባቂ ነኝ የሚል በአሥር ቀን ውስጥ መሬት ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ያስረዳ፤ የሚቀርብ ከሌለ ቦታው ይደለደላል። አጽሙ ምን እንደሚሆን አልተጻፈም።

«እኛስ?» አለች እታለም፣ አንብቤላት ስጨርስ።

«እኛ የለንም።»

«እንዴት የለንም? ያ ሁሉ ሰው ተኝቶ የለም እንዴ?»

«መዝገቡ ላይ ያሉት አራቱ ከዋጆች ናቸው።» ከዋጃ እዚህ አገር ነጭን የሚሉበት ስም ነው። «እኛ በእነሱ ቦታ ያደርን እንግዶች ነን።»

«ታዲያ ለባለቤቶቹ ይነገራቸዋ! እንግዳ ተባረረ ሲባል ባለቤት ዝም ይላል?»

«ባለቤቶቹ ከሞቱ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ነው፣ እታለም።»

«አንተ ስለነሱ አይደል ስታነብ የምትውለው? አንድ እንኳ ዘመድ አጣህባቸው?»

በማግስቱ የእድሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። የእድራችን ዳኛ የባጃጅ፣ እዚህ ረክሻ የሚሉት፣ መጠገኛ ያለው፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ ሰው ነው፤ ጠዋቱን ጽሕፈት ቤቱ ሄዶ ጠይቆ መጥቷል። ዘመድ ካለ ዘመዱ ይቅረብ። ዘመድ ከሌለ መቃብሩን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ይቅረብ፤ ቦታው የክርስቲያን ስለሆነ ግን መጠበቁን አንድ ቄስ በፊርማና በማኅተም ይመስክርለት። ሌላ መንገድ የለም። ቄሳችን መምሬ እዚያው ነበሩ፤ ቀን ልብስ ሰፊ፣ ሰንበት ቀዳሽ የሆኑ፣ ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም የሚኖሩ ሰው።

«መጀመሪያ ዘመዱን እንፈልግ» አለ ዳኛው። «ለስኮትላንድ ኤምባሲ እንጻፍ።»

«ስኮትላንድ ኤምባሲ የላትም» አልኩ።

«በጦርነቱ ተዘግቶ ነው?»

«የትም የላትም። አገር ናት፤ ግን ለብቻዋ መንግሥት አይደለችም። ከእንግሊዝ ጋር ነው ያለችው።»

«እና እነሱም እንደኛው ሰው ቤት ነው ያሉት በለኛ!» አለ አንዱ ከኋላ። ቤቱ ሳቀ።

ዳኛው አልሳቀም። «ኡስታዝ፣ መጽሐፍህን አውጣ። ይኼን ሁሉ ዓመት ያነበብከው ለዛሬ ካልጠቀመ መቼ ሊጠቅም ነው?»

አወጣሁ። ዘመድ እንደሌለበት አውቃለሁ፤ ግን ሰው አንብብ ብሎኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ከዋልታው መርከብ ጀመርኩ።

«ቆይ፣ ቆይ። ለወፍ ነው የነፋላት?» አለ ያው የኋላው ሰው።

«ለፔንግዊን። የማትበር ወፍ ናት።»

«ዶሮ በላት። ምን አለች ዶሮዋ?»

«ምንም አላለችም።»

«ይኼ ሰውዬ ዘመዳችን ከሆነ እኔ ከእድሩ ወጥቻለሁ!»

ሳቁ ሲበርድ፣ ብልህ የሆንኩ መስሎኝ፣ ለነገራችን የሚስማማ ያልኩትን ታሪክ አወጣሁ። በዚያው ዘመን ስኮትላንድ ውስጥ ሁለት ቤተ ክርስቲያኖች አንድ እንሁን ተባባሉ። ከአንደኛዋ ሺህ ገደማ ቄሶች እሺ አሉ። ሠላሳ የማይሞሉ፣ አብዛኞቹ የተራራ አገር ሰዎች፣ አንቀበልም፤ የአባቶቻችንን ይዘን እንቀራለን አሉ። ተካሰሱ። ለንደን ያለው የመጨረሻው ፍርድ ቤት፣ ሕንፃውም ገንዘቡም ትምህርት ቤቱም ጠቅላላ የጥቂቶቹ ነው ብሎ ፈረደ። ለአንድ ሃይማኖት የተሰጠ ንብረት ሃይማኖቱን ላልለወጠው ነው አለ።

መምሬ ወደ ፊት ዘንበል ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «ልክ ነው» አሉ። «እነዚህ ሰዎች ዳኛ አላቸው።»

ታሪኩ እዚያ አያልቅም። መጨረሻውን ግን ሆን ብዬ ተውኩት፤ ያማረውን ያበላሸዋል። ልናገር የፈለግሁት መቃብሩን ክርስቲያን ሆነን የቀረንበት እኛ ስለሆንን መሬቱ ይገባናል የሚል ነበር። ተናግሬም ነበር፤ እታለም ባታቋርጠኝ።

«መምሬ፣ እኔ የምለው አለኝ። እንዳይቆጡኝ ብቻ።»

«ምን እቆጣለሁ፣ ተናገሪ።»

«ጠባቂ ከተባለ ጠባቂው እኔ ነኝ። ባሌን ከቀበርኩ ጀምሮ ለሰውዬውም አደርግለታለሁ።»

«ለየትኛው ሰውዬ?»

«ለከዋጃው። እሾኩን እነቅላለሁ፣ ድንጋዩን አጥባለሁ። የባሌን ሙት ዓመት ሳወጣ አንድ ዳቦ ለሱ እቆርስለታለሁ። ምን ላድርግ? ጎረቤቱ ነው። የራሴን ጠርጌ የጎረቤትን ቆሻሻ ልተወው?»

«ጽድቅ ነው» አሉ መምሬ። «ይኼ ምን ያስቆጣል?»

«ስሙንም አስጠርቼዋለሁ።»

ለማያውቅ ልንገር፤ ለሞተ ሰው ጸሎት ሲደረግ ቄሱ የሚጠራው ሰው የሚያውቀውን ስም ሳይሆን የክርስትና ስሙን ነው። የክርስትና ስም የሌለው ሟች አይጠራም። ስሙን ደግሞ ለቄሱ የሚነግረው ቤተ ዘመድ ነው።

«በማን ስም?» አሉ መምሬ፣ ቀስ ብለው።

«ዘመድ የሌለው አንድ መንገደኛ አለብኝ ስልዎ የክርስትና ስሙን አምጪ አሉኝ። የለውም ብልዎ እንደማይጠሩልኝ አወቅሁ። የሞተ ወንድሜን ስም አዋስኩት።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«አሥራ አንድ ዓመት።»

መምሬ ወደኔ ዞሩ። «ኡስታዝ፣ ሰውዬው በሃይማኖቱ ምን ነበር?»

ሌላ ሰው ቢሆን «እንጃ» ይላል። በምድር ላይ ካሉ ቃላት ሁሉ እኔ መናገር የሚያቅተኝ ያንኑ ነው። እንደ አገሩ ሰው ከሆነ፣ አልኳቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሥዕል የላትም፤ ዕጣን የላትም፤ ጾም የላትም፤ ታቦት የላትም፤ ለሞተ ሰው መጸለይንም አጥብቃ ትከለክላለች። «ስለዚህ» አልኩ፣ ሳቅ ጠብቄ፣ «የተበደሉት እርስዎ ብቻ አይደሉም። እሱም ያለ ፈቃዱ ሲጸለይለት ነው የኖረ።»

የሳቀ የለም። መምሬ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«አንተው ነህ አሁን ያልከኝ። የሃይማኖት ንብረት ሃይማኖቱን ለያዘ ነው። እንግዲህ መሬቱ የነሱ ነዋ! ሳላውቅ ለመናፍቅ ስም ስጠራ መኖሬ ሳያንስ፣ አሁን ደግሞ ሄጄ በማኅተም ልመስክር?»

ወጡ። ዳኛው ከመጽሐፌ ወደኔ፣ ከኔ ወደ መጽሐፌ አየ። «ለውዝ ቢጠቀለልበት ይሻል ነበር» አለ።

ሰባት ቀን ቀርቶናል። በነጋታው እታለም ዘንድ ሻይ ልጠጣ ሄድኩ፤ ዝንጅብሉ ከሩቅ ይሸታል።

«ዝንጅብል የለም» አለችኝ።

«ይኸው የሚፈላው ምንድነው?»

«ለሰው ነው።»

ቆሜ ቀረሁ። ለሌሎቹ ስትቀዳ፣ ስታቀብል፣ መልስ ስትሰጥ አየኋት፤ ዓይኗ ከሰው ዓይን ጋር አይገጥምም። ቆይታ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተ ያን ሁሉ ስታነብ ዝም በል የሚል የለበትም? ባሌን ከመጋዘን ሥር አድርገው ሰሊጥ ሊቆልሉበት ነው። እኔንስ የት ያደርጉኛል? ማንም በማያውቀኝ ጫካ?»

የራሴን ጥፋት ቶሎ ይቅር የምል ሰው ነኝ፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ ብዬ አላስጨንቃችሁም፤ ተኛሁ። ጠዋት ተነሥቼ መምሬ ሱቅ ሄድኩ። የትምህርት ቤት ሱሪ እየሰፉ በሲንጀር መኪናቸው ላይ አጎንብሰዋል። መቀመጫ አላቀረቡልኝም።

«መምሬ፣ የዚያን ቀን ያልነገርኩዎ አለ።»

«ጨምረህ ምን ልታስተምረኝ ነው?»

«ታሪኩ እዚያ አላለቀም። ጥቂቶቹ ሁሉንም ወሰዱ። ነገር ግን ሠላሳ የማይሞላ ቄስ ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን እንዴት አድርጎ ይቀድስበት? ማን ይጥረገው? ማን በር ይክፈት? የአገሩ ሰው አጉረመረመ። በኋላ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ አዲስ ሕግ አወጣና ንብረቱን አካፈለው። ጥቂቶቹ ሊይዙት የሚችሉትን ያዙ፤ የቀረው ለሚገለገልበት ተመለሰ።»

መርፌውን አቆሙት። «ይኼን ለምን በጊዜው አልነገርከኝም?»

«ታሪኩን ያበላሸዋል ብዬ።»

«ታሪኩን!» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለት እግር ሱሪ ሰፉ። «ሰዎቹ ተጣልተው ቀሩ?»

«ጥቂቶቹ እስከ ዛሬ ለብቻቸው ናቸው።»

«አይ፣ እንግዲያው የሃይማኖት ሰዎች ናቸው።» ክር በጥርሳቸው በጠሱ። «የጠራሁት ስም የወንድሟ ነው። ለወንድሟ ደርሶ ይሆናል። ለከዋጃውም ደርሶ ይሆናል። እኔ አድራሽ ነኝ፤ አድራሻውን ያሳሳተችው እሷ ናት። እመጣለሁ። ውሸት ግን አልናገርም፤ ዳኛውን ንገረው።»

ዳኛው ይኼን ሲሰማ ውሸት ከሌለበት ምን ሊረባ ነው የሚል ፊት አሳየኝ።

በአሥረኛው ቀን ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የተቀበለን ከካርቱም ተፈናቅሎ የመጣ ቀጭን ሹም ነው። ጠረጴዛው ግማሹ የሌላ መሥሪያ ቤት ነበር፤ ማራገቢያው አይሠራም፤ እሱ ግን ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ወረቀታችንን አንብቦ ቀና አለ።

«ሟቹ ምናችሁ ነው?»

ዳኛው አፉን ከፈተ፤ መምሬ በተሰባበረ አረብኛቸው ቀደሙት። «የኛ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለም።»

ዳኛው ዓይኑን ጨፈነ።

«ታዲያ ምን ብለህ ትፈርማለህ፣ አባ?»

«የጸለይኩለት እኔ ነኝ። ሌላ የጸለየለት የለም። እሱን እፈርማለሁ።»

ሹሙ ወደ እታለም ዞረ። «አንቺስ፣ ሐጃ?» መካ ያልሄደች፣ አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች ሴት ሐጃ ስትባል እስቃለሁ፤ እዚህ አገር ግን ለትልቅ ሴት ሁሉ የሚሰጥ አክብሮት ነው።

«ጃሬ ነው» አለችው። ጎረቤቴ ነው ማለቷ ነው።

«በሕይወቱ ታውቂው ነበር?»

«ከየት አውቄው! የባሌ ጎረቤት ነው። አብረው ከተኙ አሥራ አንድ ዓመት፤ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም። ድንጋዩን እኔ ነኝ የማጥበው። ሄደህ እየው፤ የሦስቱ አይነበብም፣ የሱ ይነበባል። ለምን ይመስልሃል?»

ይኼን እኔም አላሰብኩትም ነበር። ያን ድንጋይ ባነበብኩት ቁጥር ፊደሉ ተርፎ የጠበቀኝ እኔን ይመስለኝ ነበር።

ሹሙ ብዕሩን አስቀመጠ። «የአባቴን መቃብር ካርቱም ጥዬ ነው የመጣሁት» አለ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። «አሁን ማን እንደሚጠርገው አላውቅም።» ከዚያ ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳበና መጻፍ ጀመረ። ቦታው መቃብር ሆኖ ይቀጥላል። ጠባቂው እድሩ ነው። ነጋዴው ሌላ ቦታ ይፈልግ። ዳኛው ሊያቅፈው ሲነሣ በእጁ አስቀመጠው።

«አንድ ነገር። ከከተማው መስፋፋት የተነሣ እዚያ አዲስ ቀብር ተከልክሏል። የተቀበሩት ይቆያሉ፤ ከዛሬ ጀምሮ የሚሞት አዲሱ መቃብር ይሄዳል። የተቀበሩትን ስም ዘርዝሩልኝ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሚገባ የለም።»

ዳኛው እሺ፣ እሺ፣ ችግር የለም አለ። ለሱ ነገሩ አልቋል። ሠላሳውንም ስም ከእድሩ መዝገብ እያነበበ አስጻፈ። መምሬ ማኅተማቸውን ተፉበትና አተሙ። ልንወጣ ተነሣን። እታለም አልተነሣችም።

«እኔስ?»

«አንቺ ምን ሆንሽ፣ ሐጃ?»

«ቦታዬ እዚያ ነው። ከባሌ ጎን። ከብቤ ያስቀመጥኩት።»

«አዲስ ቀብር ተከልክሏል አልኩሽ።»

«እኔ አዲስ አይደለሁም። ቦታውን ከያዝኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው።»

«ሕጉ የሚያውቀው የተቀበረውን ነው።»

አንድ ነገር ልናገር ነበር። ዳኛው እግሬን ረገጠኝ። በዚያች ሰዓት ስለ ስኮትላንድ የማውቀው ሁሉ ምንም እንደማይረባ ከሱ በፊት የገባኝ ይመስለኛል፤ ግን መረገጡም አይከፋም።

«ልጄ» አለችው እታለም፤ አረብኛዋ ከኔ ይሻላል፤ እኔ ከመጽሐፍ ነው፣ እሷ ከመናኸሪያ ነው። «የሰው አገር ነው ያረጀሁት። ቤቴ የኪራይ ነው። ሻይ የምሸጥበት ጥላ የሰው ነው። መታወቂያዬን በየጊዜው ነው የማሳድሰው። ያቺን ቦታ ግን ያሳደስኩበት ቀን የለም፤ ሂጂ ያለኝም የለም። አሁን አንተ ነህ የመጀመሪያው። የተቀበረ ነው የሚያውቀው ካልክ፣ ጻፈኝ።»

«ምን ብዬ?»

«ከተቀበሩት ጋር።»

«በሕይወት ያለሽን ሴት?»

«ቀኑን ክፍት ተውልኝ።»

«ኧረ አንቺ ሴት!» አሉ መምሬ። «በቁምሽ? ይኼ ሟርት ነው!»

«መምሬ፣ እርስዎ ስም ሲያሳስቱ የኖሩ ሰው ነዎት፤ ዛሬ እንኳ አንድ ስም በትክክል ይጻፍ።»

ሹሙ መሳቅ ያቆመ ሰው ይመስል ነበር፤ ሳቀ። በሩን አየ፤ ማንም የለም። ብዕሩን አነሣና ከሠላሳኛው መስመር ሥር የእሷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጻፈ። ቀን በሚለው ሣጥን ውስጥ ምንም አልሞላም። አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ ከስሟ ፊት ለፊት ተጫነችው፤ ደግማ ተጫነችው፤ አንዱ እንዳይደበዝዝ።

ስንወጣ እኩለ ቀን ነበር። ከእኛ ሁሉ መካከል በዚህ አገር የማያልቅ ፈቃድ ያገኘችው እሷ ብቻ እንደሆነች ደረጃው ላይ ታየኝ። እኔ፣ መምሬ፣ ዳኛው፣ ሦስታችንም አዲሱ መቃብር ነን፤ የት እንደሆነ እንኳ አልጠየቅንም ነበር። ዳኛው ቅር ብሎታል። «እኔም ማስጻፍ ነበረብኝ» እያለ ወደ ኋላ ያያል።

«ተመልሰህ ጠይቀዋ» አልኩት።

«ሚስቴ ብትሰማ ትገድለኛለች።»

«ያኔ ቀኑንም ይሞላልሃል።»

የእሱን ረክሻ ነው የተሳፈርነው። እታለም ከሁላችን ቀድማ ገብታ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፤ ቀለሙ አልለቅ ብሏታል። ዳኛው ሞተሩን አስነሥቶ በመስታወቱ አያትና «ነፍስ ይማር፣ እታለም» አላት።

በነጠላዋ ጀርባውን ወረደችበት። «ያንተን ይማር! ይልቅ ንዳው፤ የከሰላው አውቶቡስ ሊገባ ነው፣ ውኃ አልጣድኩም።» ከዚያ ወደኔ ዞረች፤ ከሰባት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ። «አንተ ደግሞ ስትመጣ አፍህን ዘግተህ ከሆነ ዝንጅብል አለ።»